ለፍጥነት የወጣ መኪና ኢንሹራንሱን ይዞ አይወጣም

ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ ወጣት ባለመኪና፣ ከከተማው ወጣ ያለ ሜዳ ተከልሎ ባለመኪኖች በየተራ ፍጥነታቸውን የሚሞክሩበት ቀን ቢዘጋጅ መልካም መሆኑን አነሳ። ባጃጅና እግረኛ በሚጋፉበት የአዘዞ አስፋልት ላይ ከመሽቀዳደም በእርግጥ ይሻላልና ሐሳቡን እደግፋለሁ። ያሳሰበኝ «ፉል ኢንሹራንስ አለኝ፣ ምን እሆናለሁ?» ማለቱ ነው።

የራሴን የኢንሹራንስ ውል ከመኪናዬ አውጥቼ አብረን አነበብነው። ሽፋኑ ከተዘረዘረ በኋላ፣ በደቃቅ ፊደል፣ መኪናው ለእሽቅድምድም ወይም ለፍጥነት ሙከራ ሲውል ለሚደርስ ጉዳት ኩባንያው እንደማይከፍል ተጽፏል። «ብቻዬን ነው የነዳሁት፣ አልተወዳደርሁም» ማለት ከዚህ ቃል አያድንም። 20.8 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጀርመኑ የመኪና እሽቅድምድም መስመር፣ በኑርቡርግሪንግ፣ መስመሩ ለሕዝብ መኪኖች በሚከፈትበት ቀን የብረት መከለያውን የገጨ ሰው የጥገናው ሂሳብ ይመጣበታል።

የባሰው በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። አንቀጽ 2068 በበኩሉ በስፖርት ላይ ሳለ ተካፋይን ወይም ተመልካችን የጎዳ ሰው፣ ካላታለለ ወይም የስፖርቱን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ፣ ተጠያቂ አይሆንም ይላል። ነገር ግን ደንቡ ያልተጻፈ፣ አዘጋጁ ያልታወቀ የሜዳ ላይ ግልቢያ ስፖርት ነው ብሎ ፍርድ ቤትን ማሳመን ቀላል አይመስለኝም። ከብት ሊያግድ መጥቶ ዳር የቆመ ልጅስ ተመልካች ነው ወይስ መንገደኛ? «በራሴ ኃላፊነት» የሚለው ወረቀት የፈረመውን እንጂ ያን ልጅ አያስርም። በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም የተደነገገው በመንገድ ላይ ለሚነዳ ተሽከርካሪ በመሆኑ፣ የታጠረ ሜዳ «መንገድ» ነው አይደለም የሚለው ራሱ ያከራክራል።

ስለዚህ አዘጋጆቹ ከሜዳው አስቀድመው ለዚያ ቀን ብቻ የሚያገለግል፣ ዳር የሚቆመውንም ሰው የሚጨምር ተጨማሪ ውል ከኢንሹራንስ ኩባንያ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዓረቦኑም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከመግቢያው ክፍያ ይሸፈን። ኩባንያው እምቢ ካለ ቀኑ ይቆይ። ወጣቱ በማግስቱ ማመልከቻውን ጽፎ፣ ከማስገባቱ በፊት እንዳየው አምጥቶልኛል፤ «ተመልካችና መንገደኛ» የሚለውን ከሥሩ አስምሮበታል።