ቲቸር፣ ቮይሱ አልከፈተልኝም

የእህቴ ልጅ ኬሚስትሪ የሚያጠናው ከ«ጁምዐ ሙባረክ» እና ከ«እንኳን ለወርኃዊው ሚካኤል አደረሳችሁ» መሀል ፈልፍሎ ነው። ደሴ፣ 12ኛ ክፍል። ከክፍሉ እኩል የሚማረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ባለፈው ጥር ለእረፍት ስሄድ ስልኩን ተቀብዬ ወደ ላይ ሳብኩት። አበባ፣ ሻማ፣ ጨረቃ፣ የሚያብለጨልጭ መስቀል። ከስንት አበባ በኋላ አንድ ወርክሺት።

እኔ የምኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ነው። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። በግዛታችን በቪክቶሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የተማሪ ስልክ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ይቆለፍበታል። ይህ አልበቃ ብሎ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ አካውንት እንዳይኖረው በሕግ ተከልክሏል። ልጁም ወላጁም አይቀጡም። የሚቀጣው ድርጅቱ ነው፤ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር። ጉግል ክላስሩምን እገዳው አልነካውም። ልጆቼ ትምህርት ቤት የቤት ሥራውም፣ ማርኩም፣ ማስታወቂያውም የሚመጣው በትምህርት ቤቱ አፕ ነው። ንጹሕ ነው። አበባ የለም። ሰውም የለም።

ልጄ አልጀብራ ጠፍቶባት ዓርብ ማታ ለአስተማሪዋ ጻፍኩ። መልሱ ማክሰኞ መጣ። «ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን» ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ። አስተማሪዋን አልፈርድባትም፤ እዚያ አገር ከሥራ ሰዓት ውጪ ስልክ ያለማንሳት መብት በሕግ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። ግን ፈተናው ሰኞ ነበር።

የደሴው ቲቸር ማታ አራት ሰዓት ላይ ይመልሳል። ትምህርት ቤታቸው ላብራቶሪ የሚባል ክፍል አለው፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበር ነው። ስለዚህ ቲቸር ቤቱ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቀለ። ውሃውን በሦስት የሻይ ብርጭቆ ቀዳው። አንዱን እንዳለ ተወው፣ ወይን ጠጅ ነው። አንዱ ላይ ሎሚ ጨመቀ፣ ቀላ። ሌላው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነሰ፣ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ዞረ። ይህን ሁሉ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ከኋላ የሕፃን ልጁ ለቅሶ ይሰማል። ቀጥሎ በቮይስ አሲድና ቤዝ ምን እንደሆኑ፣ ቀለሙ ለምን እንደሚቀየር እያስረዳ ሄደ። ልጄ ይህንኑ ነጭ ጋወን ለብሳ፣ መነጽር አድርጋ ነው የሠራችው። እንደ እህቴ ልጅ አድርጋ ግን አታስረዳኝም።

ከቪዲዮው ሥር የመጣውን ላንብብላችሁ። «ቲቸር፣ ቮይሱ አልከፈተልኝም።» «የባዮሎጂ ፒዲኤፍ ያለው ላኩልኝ።» «ይህን መልእክት ለአስር ሰው ካላስተላለፍክ…» ሳንቲም እየነካኩ የሚለቅሙበት የጌም ሊንክ። ከዚያ «መልካም ሌሊት» የሚል ጽጌረዳ፣ እሱም ከነሙዚቃው። ጠዋት ስልኩን የከፈተ ልጅ ጎመኑን ከየት ያግኘው?

ቴሌግራም እኮ መፍትሔ አለው። አድሚን ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ትምህርቱን በቻናል ለቅቆ ጥያቄውን ለብቻ ማድረግ ይቻላል። ፒን ማድረግ አለ። ይህን ለቲቸር በስልክ ነገርኩት፣ እንደ አዋቂ። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ውስጡ ወላጆችም አሉ። ሰላምታ አትላኩ ብዬ ዘግቼ ነገ በየት በኩል ነው የማልፈው? አብሽር፣ ልጆቹ ለምደውታል።» ወሎ ውስጥ ሰላምታ ከልክሎ መኖር እንደማይቻል እኔም አላጣሁትም። ግን አብሽር ተብሎ ነገር አለ? በየትኛውም በዓል እኔ ነኝ የምናደደው።

ሌላው የሚያበግነኝ ዳታው ነው። ቪዲዮው፣ ቮይሱ፣ የሰሌዳው ፎቶ ሁሉ የሚወጣው በቲቸር የግል ፓኬጅ ነው። ጠመኔ የሚገዛ በጀት አለ፣ ዳታ የሚገዛ የለም። ልጆቹም እንደዚያው። የእህቴ ልጅ የሚጠቀመው በእናቱ ስልክ ነው፤ እሷ ከሱቅ እስክትመለስ ይጠብቃል። ከኩታበር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ጓደኛው ደግሞ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ቅዳሜ ስንቁን ተሸክሞ ሲመለስ መጀመሪያ እህቴ ቤት ይገባል። ሁለቱ አንድ ስልክ መሀላቸው አስቀምጠው ከፎቶው ወደ ደብተር ይገለብጣሉ። ስክሪኑ የተሰነጠቀው ልክ መልሱ ላይ ነው፤ ፎቶውን ወዲያ ወዲህ እየጎተቱ ያነቡታል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜስ? «ያለ ኢንተርኔት፣ ከስልክ ወደ ስልክ፣ በዜንደር ነበር የምንቀባበለው» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ምንም እንዳልሆነ።

የትምህርት አለቆቹ ሶሻል ሚዲያ ሲባል ለምን እንደሚደነግጡ ይገባኛል። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ተሰርዟል፤ ድጋሚ ሲሰጥም ሶሻል ሚዲያው ተዘጋ። ዛሬም «የዘንድሮ ማትሪክ አለን» የሚል ቻናል ሞልቷል፣ ልጆቹም ብር ይልኩለታል። ግን ሌባውን ፈርቶ ጎመን የሚቀቅለውን ቲቸር መርሳት ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው? በ2014 ፈተና ከተፈታኙ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል ሁላችንም ፌስቡክ ላይ ወጥተን ተንጫጭተን ነበር። አንድ አስተማሪ በወር ስንት ጊጋ ይጨርሳል ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም።

እንግዲህ እኔ ጠየቅሁ። ሜልበርን የወሎ ልጆች ግሩፕ ላይ ለቲቸር በየወሩ ፓኬጅ እንግዛለት ብዬ ጻፍኩ። ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥ። ሁሉም ልብ ላከ። ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ለኮሚቴው ሌላ ግሩፕ ተከፈተ። እስካሁን እየተወያየ ያለው የግሩፑ ፎቶ ጦሳ ተራራ ይሁን ወይስ ሐይቅ በሚለው ላይ ነው። እኔ ድምፄን ለጦሳ ሰጥቻለሁ።