ተርነርን ያስባረረው ያልተጻፈው አንቀጽ

ጥቁር አሜሪካዊው ሰባኪና ፖለቲከኛ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ከአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ምክር ቤት ሲባረር ስላደረገው ንግግር ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚከነክነኝ ከንግግሩ በፊት የሆነው ነው።

ተርነር በ1834 እ.ኤ.አ. ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ተወለደ። ባሪያ አልነበረም። ሰባኪ ሆነ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም የጥቁር ወታደሮች ቄስ ሆኖ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ ጆርጂያ አዲስ ሕገ መንግሥት ስታረቅ በጉባኤው ተቀመጠ። ጥቁሮች የመምረጥ መብት አገኙ። የመመረጥ መብታቸውን በግልጽ የሚያሰፍረው አንቀጽ ግን ከረቂቁ ወጣ። ተርነርና ጓደኞቹ አጥብቀው አልተሟገቱም። የሚመርጥ ሰው መመረጡ ምን ያከራክራል ብለው ይመስለኛል። የትናንት ባሪያ አሳዳሪዎችን በቅን ልብ አመኑ።

ብዙም አልቆየ። በ1868 ተርነር ከሜከን ከተማ ተመርጦ የጆርጂያ ምክር ቤት ገባ። መስከረም ላይ ነጮቹ አባላት ያቺኑ ክፍተት መዘዙ፦ ሕጉ ምረጡ እንጂ ተመረጡ አይልም አሉ። በድምፅ ብልጫ ጥቁሮቹን አስወጡ፤ ወንበራቸውንም በምርጫ ለተሸነፉት ነጮች ሰጡ። መልካቸው በጣም የቀላ አራት ጥቁሮች ግን ቀሩ። ሕግ ነው ያሉት ነገር ቆዳ እያየ ነበር የሚሠራው።

ተርነር ያን ዝነኛ ንግግር ያደረገው ያኔ ነው። ለየትኛውም ፓርቲ አላጎበድድም፣ መብቴንም አልለምንም አላቸው። ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም ብሎ ጠየቃቸው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ድምፁ ግን አስቀድሞ ተቆጥሮ ያለቀ ያህል ነበር። በዚያው ወር ከተባረሩት አንዱ ፊሊፕ ጆይነር ደጋፊዎችን ይዞ ካሚላ ወደምትባል ከተማ ሲገባ ተኩስ ተከፈተባቸው፤ በርካታ ሰው አለቀ። የተባረሩት ወደ ወንበራቸው የተመለሱት በ1870 ነው፤ ያውም ዋሽንግተን ጣልቃ ገብታ።

በ1883 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕዝብ መገልገያዎች የዘር አድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ ሲሽር ተርነር ጳጳስ ሆኖ ነበር። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት “ቆሻሻ ጨርቅ” አለው። ቋንቋው ከረረ የሚሉ አሉ። እኔ አልከራከርበትም። ሕግ ሲረቀቅ ቁጭ ብሎ ያየ፣ አምኖ የተከዳ ሰው ነው የተናገረው።

አትላንታ የምትኖሩ ወገኖች፣ በጆርጂያ ካፒቶል (የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንፃ) ግቢ ውስጥ ለእነዚያ ለተባረሩት ሰዎች የቆመ ሐውልት አለ። በቀለማቸው ምክንያት የተባረሩ ይላል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው፤ ያ አንቀጽ እንዴት እንደወጣም ንገሯቸው።