መሣሪያ አላጠረም፣ ገበሬው ነው የሸሸው

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ ተንታኝ «ጦርነት ላይ ላለ አገር ነጻነት ቅንጦት ነው፤ ሠራዊት የሚያሸንፈው ሕዝብ ጸጥ ሲል ነው» አሉ። አዘጋጁ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያነሣ አለፋቸው። የደርግን ሽንፈት ሲያስረዱ ደግሞ «መሣሪያ አጠረው» ብለው አረፉት።

መሣሪያ አጠረው? ከሶቪየት ኅብረት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ታንክ፣ መድፍና አውሮፕላን የተራገፈለት መንግሥት መሣሪያ አጠረው? መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የደርግ ጦር ናደው ዕዝ ሲፈርስ መሣሪያውማ ሞልቶ ተርፎ ለሻዕቢያ ሲሳይ ሆነ!

የምኖረው ቡራዩ ነው፤ ታጠቅ ጦር ሰፈር ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ከየገጠሩ የተሰበሰበ ገበሬ እዚያ ሠልጥኖ ዘመተ። የካቲት 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከጅጅጋ ሲባረር ያ ሚሊሺያ ደሙን አፍስሷል። የኩባና የሶቪየት እገዛ ትልቅ እንደነበር አልክድም። ግን ያ ገበሬ ምን ብሎ ቆመ? የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ከጭሰኝነት ከተላቀቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። የእኔ የሚለው ማሳ ነበረው።

ከአሥር ዓመት በኋላስ? መንግሥቱም ያው፣ ገበሬውም ያው። እህሉን ግን በኮታ፣ ሌላ ሰው በቆረጠለት ዋጋ ያስረክባል። የተረፈችውን ከተማ ወስዶ ልሽጥ ቢል ኬላ ላይ ይነጠቃል። በመንደር ምሥረታ ስም ጎጆውን አፍርሶ በተመራለት ቦታ ይሰፍራል። ታጠቅ ሠልጥነው ኦጋዴን የዘመቱ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። አፈሳ በመጣ ጊዜ የበኩር ልጃቸውን ያተረፉት ጎታ ውስጥ ደብቀው ነው፤ እህሉ ለኮታ ስለሄደ ጎታው ባዶ ነበር። እኒህን ሰው ፈሪ የሚላቸው ማን ነው? እሳቸው እኮ በፈቃዳቸው የዘመቱ ናቸው። ላረሱት እህል ባለቤት ያልሆነ ሰው ልጁን ለማን ብሎ ይሰጣል?

መኮንኑም ከገበሬው የተሻለ አልነበረም። ካድሬና የደኅንነት ሰው ከጎኑ አይጠፉም። የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ የካቲት 1980 ዓ.ም. ተረሸኑ፤ በሚቀጥለው ወር አፋቤት ወደቀ። አዛዥ በገዛ አለቃው በሚረሸንበት ጦር ውስጥ «ግንባሩ ሳስቷል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ደፋር ከየት ይመጣል? ከግንቦት 1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ደግሞ ሌሎች 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አገሪቱ ለዓመታት ያስተማረቻቸው የጦር አዋቂዎች እንዲህ አለቁ። ተንታኙ የሚያወድሱት ጸጥታ ይህ ነው።

ቅንጦት ያሉትን ነገር በጭንቅ ሰዓት የፈለጉት ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው ናቸው። የካቲት 1982 ዓ.ም. የግል እርሻና ንግድ የሚፈቅድ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ገበሬውም ካሰፈሩት መንደር እየለቀቀ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ልጁን ግን አልሰጣቸውም። ያ ሁሉ ጦር ከአዋጁ በኋላ የቆየው 15 ወር ነው።