ስም መቀየር ብቻ አይበቃም
የሕክምና ተማሪዎች ስለ ልምምዳቸው ባለ 55 ቃል አጭር ታሪክ እንዲጽፉ የሚመክረው ጽሑፍ «የታካሚውን ስም ከቀየሩ በቂ ነው» ይላል፤ ጅማ ላይ ይህ አይሠራም። ከዴዶ ወረዳ የመጣች፣ መንታ የወለደች፣ በቡና ለቀማ ወቅት የተኛች ተብሎ ከተጻፈ ስሟ ባይጠራም ጎረቤቷ ያውቃታል። ቢያንስ ዕድሜው፣ ቀዬውና ወቅቱ ይለወጡ፤ ሥራና የልጆች ቁጥር ለታሪኩ ካላስፈለጉ ይውጡ። ሕመሙ ግን አይነካ፤ ስኳርን ወደ ቲቢ የቀየረ ተማሪ መድኃኒቱም፣ የሚተኙበት ክፍልም፣ የቤተሰቡ ፍርሃትም አብሮ ይበላሽበታል። በአስተያየትህ «በእንግሊዝኛ ቢጽፉት ይሻላል» ላልከው ወንድሜ፦ ታካሚዋ በኦሮምኛ «ማታ ና ዹኩባ» ያለችው ቻርቱ (የሕክምና መዝገቧ) ላይ በእንግሊዝኛ «ሄዴክ» ሆኖ ይገባል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያስፈለገውም ያን የጠፋ አነጋገር ለመመለስ ነው፤ እንደተናገረችው ይቀመጥ፣ ራሷን እንዳመማት አንባቢው ከዙሪያው ይረዳዋል። ባለ 55 ቃል ታሪክ ለአማርኛ ይጠባል ማለትህም ተገላቢጦሽ ነው፤ «አልነገርኳትም» አንድ ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ ቢያንስ አራት ይፈጃል። መጀመሪያ 200 ቃል ያህል ሳይቆጥቡ መጻፍ፣ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ከዚያ መቁረጥ። ቀድሞ የሚቆረጠው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው፣ «ያን ቀን ሐኪምነት ምን እንደሆነ ገባኝ» የሚለው (ሁሉም ይጽፈዋል!)፤ ቀጥሎ የላቦራቶሪ ቁጥሮቹ። ማርክ ደግሞ ባይሰጥበት፤ ማርክ ካለው ተማሪው ያየውን ትቶ መምህሩ የሚወደውን ይጽፋል።