ስድስት በመቶው የት ተቀመጠ?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ይዘን ከተቀመጥን መካከል በዕድሜ የሚበልጡን የታክሲ ሹፌር ከኢንሹራንስ ኩባንያቸው የደረሳቸውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከላይ በደማቁ «ይህ የክፍያ ጥያቄ አይደለም» ይላል። ዝቅ ሲል ሆስፒታሉ የጠየቀው፣ ኩባንያው የተቀበለው ዋጋ፣ ኩባንያው የከፈለው እያለ ይዘረዝራል። በመጨረሻው ረድፍ የተጻፈው ዜሮ ነው።

«በየወሩ እከፍላለሁ፤ ሲያመኝ ደግሞ መጀመሪያ ሰባት ሺህ ዶላር ከኪስህ አውጣ ይሉኛል። ታዲያ ወርሃዊው ገንዘቤ ትርፍ ካልሆነ ምን ሆነ?» አሉ።

ሒሳብ ሠራተኛው ወዳጃችን አላስጨረሳቸውም። «ጋሼ፣ ትርፋቸው እርስዎ እንደሚያስቡት አይደለም። ኦባማ በ2010 የፈረመው ሕግ ልጓም አበጅቶላቸዋል። ለግለሰብና ለአነስተኛ ድርጅት ከሚሸጡት መድን ቢያንስ 80 በመቶውን፣ ለትልልቅ ድርጅቶች ከሚሸጡት 85 በመቶውን ለሕክምና ማዋል አለባቸው፤ ካጎደሉ ለደንበኛው ይመልሳሉ። ትልቁ መድን ሻጭ ዩናይትድሄልዝ በ2023 ከ370 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ያተረፈው 22 ቢሊዮን ነው። ስድስት በመቶ! መርካቶ ውስጥ በስድስት በመቶ የሚነግድ ያሳዩኝ።»

«አንተ ልጅ፣ 22 ቢሊዮን ዶላር አሳዘነህ?»

ሳቅን። ነርሷ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ከሕጉ በፊት በግልዎ መድን ልግዛ ቢሉ ስኳርዎን አይተው ይመልሱዎት ነበር። ከ2014 ጀምሮ ነባር በሽታ አለብህ ብሎ መከልከልም ሆነ ዋጋ መጨመር አይቻልም። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ሐኪሙ ምርመራ ያዝዛል፣ እኛ ፈቃድ እንጠይቃለን፣ ከዚያ ስልክ ይዞ መጠበቅ ነው። በሽተኛው አልጋው ላይ እያለ በሽተኛውን አይቶት የማያውቅ ሰው አያስፈልገውም ይለናል።»

«መንግሥት ራሱ መድን ይሽጥ ተብሎ አልነበረም?» አለ አንዱ ከጥግ። ተብሎ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት በ2009 አጽድቆት ሴኔቱ ውስጥ ወደቀ። ወሬው ወደ ፖለቲካ ሄዶ ጩኸት ብቻ ሆነ፤ እሱን ልተወው።

እንደ እኔ፣ ሒሳብ ሠራተኛው በቁጥሩ አልተሳሳተም። የእኚህን ሰው ሰባት ሺህ ዶላር ያመጣውም የኩባንያው ትርፍ ብቻ አይደለም፤ ስድስቱ በመቶ ነገ ቢሰረዝ የአሜሪካ ሆስፒታልና መድኃኒት ውድነቱ ይቀጥላል። ወዳጃችን ያለፈው ነገር ግን ልጓሙ የታሰረበትን ቦታ ነው። ሕጉ የወሰነው ድርሻውን እንጂ መጠኑን አይደለም። ሕክምናው ሲወደድ ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል፤ ከመቶ ዶላር 15 የሚቀረው ኩባንያ ከሁለት መቶ ዶላር 30 ይቀረዋል። እንዲህ ያለ ኩባንያ ከሆስፒታል ጋር ዋጋ ለመከራከር ምን ያስቸኩለዋል? ተፎካካሪ ደንበኛውን እንዳይወስድበት ካልሰጋ በቀር ብዙም አያስቸኩለውም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቤተ ዘመድነቱ ነው። ዩናይትድሄልዝ ኦፕተም የሚባል ክንፍ አለው፤ ክሊኒክ ያስተዳድራል፣ ሐኪም ይቀጥራል፣ የመድኃኒት ዋጋ ይደራደራል። ሌላው መድን ሻጭ ሲግና በ2018 የመድኃኒት ዋጋ ተደራዳሪውን ኤክስፕረስ ስክሪፕትስን ገዛ፤ በዚያው ዓመት የመድኃኒት መደብሩ ሲቪኤስ መድን ሻጩን ኤትናን ጠቀለለ። መድን ሻጩ የራሱ እህት ለሆነ ክሊኒክ ሲከፍል ገንዘቡ በ80ው ወይም በ85ቱ በኩል «ለሕክምና የዋለ» ተብሎ ይመዘገባል፤ እህቲቱ ከዚያ የምታተርፈውን ያ ልጓም አይነካውም። በ2023 ከዩናይትድሄልዝ የሥራ ትርፍ ግማሽ ገደማው የመጣው ከኦፕተም ነው።

ስለዚህ ሕጉ ይሻሻል ከተባለ እኔ ለሕክምና የሚውለውን ዝቅተኛ ድርሻ ከ85 ወደ 90 ለማድረስ አልቸኩልም። ለእህት ኩባንያ የተከፈለው ለብቻው ተቆጥሮ፣ ለሌላ ክሊኒክ ከሚከፈለው ዋጋ ጎን ተቀምጦ ይታይ። የነርሷን ስልክ በተመለከተ ደግሞ፣ ሕክምናውን የከለከለው ሰው ስሙንና ሙያውን ደብዳቤው ላይ ይጻፍ።