ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በየዘመዱ መሃል አንድ «ኮምፒውተር የሚችል» ሰው አይጠፋም። ምን እንደሚችል የሚጠይቅ የለም፤ መቻሉ ብቻ ይበቃል። ፕሪንተር ሲያኮርፍ፣ የዲቪ መሙያ ሰሞን ሲደርስ፣ የልጅ ታብሌት አልከፈት ሲል «እሱ ጋ ደውሉ» ይባላል። ክፍያው ቡና ነው፤ ሥራው ጠንከር ካለ ምርቃት ይጨመርበታል። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ተበትኖ በሚኖረው በእኛ ዘመድ ይህን ሹመት የያዝኩት እኔ ነኝ። ሽረት የሌለው ሹመት ነው።

ስለዚህ የዘመዱ ስልክ ሁሉ በአንድ ሰሞን «ቦታ የለኝም» ማለት ሲጀምር አቤቱታው እኔ ጋ መጣ። ስልኮቹ እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ሰርግ አንድ ቀን አይደለም። ሽምግልናው ይቀረጻል፣ ጥሎሹ ይቀረጻል፣ ሰርጉ በሦስት ካሜራ ይቀረጻል፣ መልሱና ቅልቅሉ ይከተላሉ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ አንድ የአጎት ልጅ በእኩለ ሌሊት ፓርኪንግ ላይ ቆሞ «አሁን ወጡ፣ አሁን ወጡ» እያለ የቀረጸው፣ ከጨለማ በቀር ምንም የማይታይበት ረጅም ቪዲዮ አለ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ የ4ኬ ካሜራ አንዱን ሰዓት 45 ጊጋባይት ያደርገዋል። ሦስት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ከቀረጸ 810 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው፤ ያውም መልሱ ገና ነው።

አዋጥተን ናስ ገዛን። ናስ ከቤት ራውተር ጋር በገመድ የሚገናኝ፣ ውስጡ ሃርድ ዲስክ የተሰካበት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ፋይሉን የሚያኖርበት ትንሽ ሣጥን ነው። ማረፊያው የእኔ ቤዝመንት ሆነ። ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ሬይድ ዋን ይሉታል። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ማስረዳቴን ተከትሎ በዘመዱ ላይ የወረደው እምነት ለሌላ ነገር ቢውል ተራራ ያነሣ ነበር። ሁሉም ፎቶውን ወደ ሣጥኑ ገለበጠና ከስልኩ ላይ አጠፋ። «ሁለት ቦታ አለ አይደል እንዴ?» አዎ፣ ሁለት ቦታ አለ፤ ሁለቱም እዚያው ሣጥን ውስጥ፣ ከውኃ ማሞቂያው ጎን። ከአንዱ ላይ ያጠፉት ከሌላውም ላይ እዚያው ይጠፋል። ማሞቂያው የፈነዳ ዕለትም ውኃው ዲስክ አይመርጥም። ሬይድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው እንጂ ባክአፕ፣ ማለትም ዋናው ሲጠፋ የሚተካ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አይደለም፤ ይህን ናስ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሰማዋል፤ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ሊያጽናኑት ከመጡ ሰዎች ነው።

በዘርፉ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ ይኑር ይላል። ከቤት ውጭ ላለው በኢንተርኔት የሚላክ ባክአፕ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘብ። ዘመዱን ለማሳመን የደቡብ ኮሪያን ታሪክ አመጣሁ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ማዕከል እሳት ተነሥቶ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያኖሩበት 858 ቴራባይት (አንዱ ቴራባይት ሺህ ጊጋባይት ነው) የጋራ ማከማቻ ወደመ። ከውጭ የተቀመጠ ባክአፕ አልነበረውም፤ ምክንያቱ ሲጠየቅም መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ ነው ተባለ። አክስቴ በጥሞና አዳመጡኝ። ጨርሼ ስጠብቅ «አየህ፣ እነሱም የላቸውም» አሉና ልባቸው አረፈ።

ደግነቱ ገንዘቡ ያን ያህል አያስጮህም። «ያለገደብ» እየተባለ የሚሸጠው ርካሹ ፓኬጅ ባብዛኛው ለአንድ ኮምፒውተር እንጂ ለናስ አይሆንም፤ ለናስ የሚከፈለው በሚቀመጠው ፋይል መጠን ነው። ከታወቁት የባክአፕ ኩባንያዎች አንዱ ባክብሌዝ እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ዋጋውን ለአንድ ቴራባይት በወር 6 ዶላር አድርጎ ነበር። በዚያ ሒሳብ የእኛ 4 ቴራባይት በወር 24 ዶላር ይመጣል። ለዘመድ ሲካፈል ሳንቲም ነው። ሁሉም «በዜል እልክልሃለሁ» አለ፤ ዜል በስልክ ገንዘብ መላኪያ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሶፍትዌሩን መጫን ራሱ ቀላል ነው። በናሳችን ላይ ያለው ሃይፐር ባክአፕ የሚባለው ነው፤ «ቀጣይ» የሚለውን እየተጫኑ መሄድ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። ይህ ሶፍትዌር ይሉኝታ አልፈጠረበትም። ዘመድ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ለዓመታት ያለፈውን ነገር ሁሉ ፊት ለፊት ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም።

መጀመሪያ የትኞቹ ፎልደሮች እንዲካተቱ ጠየቀ። ከየፎልደሩ ስም ፊት ትንሽ ባዶ ሳጥን አለች፤ ምልክት ከተደረገባት ይቀመጣል፣ ካልተደረገባት ይቀራል። ቅዳሜ ከሰዓት ነበርና ቡና እየተጠጣ ዘመዱ ከጀርባዬ ቆሞ ያያል። እስከ «ልደት» እና «ክርስትና» ድረስ በሰላም ሄድን። «ሰርግ» ላይ ስንደርስ አክስቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

የልጃቸው ሰርግ እዚያ አለ፤ ትዳሩ ግን የለም። በሁለት ዓመቱ ፈርሷል። «ያ ሰውዬ በወር እየተከፈለለት ሊቀመጥ ነው?» አሉ። ነገሩ ሚዛን የሚደፋ ነበር፤ ምልክቷን ላነሣ እጄን ሰደድኩ። በዚህ ጊዜ አጎቴ ከሶፋው ላይ ሆነው «አባባስ?» አሉ። ቤቱ ዝም አለ። ነፍሳቸውን ይማርና አያታችን ድምፃቸውም መልካቸውም በቪዲዮ የቀረው በዚያ ሰርግ ላይ ሲመርቁ ብቻ ነው።

አጎቴ የሽምግልና ልምድ አላቸውና መፍትሔ አላጡም። «ምርቃቱ ይቀመጥ፣ ሙሽራው ይቆረጥ» ብለው ፈረዱ። ቪዲዮውን ከፍተን አየነው። አያታችን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን በግራ እጃቸው ይዘው «ውለዱ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ» እያሉ ይመርቃሉ። ከመጀመሪያው «አሜን» እስከ መጨረሻው ሙሽራው ጉልበታቸው ላይ ተደፍቷል። ቀና የሚል መስሎን ጠበቅን፤ አላለም። ጨዋ ልጅ ነበር። እሱን ለማውጣት የአያታችንን ጉልበት መቁረጥ ሊኖርብን ነው። ረጅም ክርክር ተደርጎ በመጨረሻ የፎልደሩ ስም ተቀየረ፤ «የአባባ ምርቃት» ተባለ። ሶፍትዌሩ ምንም አላለም፤ ምልክቷ ገባች።

በነገራችን ላይ ሃይፐር ባክአፕ ተመሳሳይ ይዘት ደጋግሞ አያስቀምጥም፤ ለይቶ አንዴ ብቻ ነው የሚይዘው። አጎቴ በአሥራ ምናምን ሰርግ ላይ በአንድ ሱፍ መታየታቸውን ግን እስካሁን አልደረሰበትም።

ቀጥሎ ስንት የቆየ ቅጂ ይያዝ አለ። ይህ ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ተራ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ኪውሎከር የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ኪውናፕ በተሰኙት የቤት ናሶች ውስጥ እየገባ ፋይሉን ሁሉ ባለ ይለፍ ቃል ጥቅል አድርጎ ቆለፈና ለመክፈቻው 0.01 ቢትኮይን ጠየቀ። የትናንቱ ብቻ የተቀመጠለት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የተቆለፈውን ነው ባክአፕ የሚያደርገው። ስለዚህ የቆየውንም መያዝ ይበጃል። የእኛው ላለፉት 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ላለፈው አንድ ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ላለው ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ እንዲይዝ አድርጌ አስተካከልኩትና ጥቅሙን ለዘመዱ በኩራት አብራራሁ።

የእቁባችን ዳኛ አጎቴ ናቸው። የእጣው ተራና የከፋዩ ዝርዝር በኤክሴል ተሠርቶ እዚያው ናስ ላይ ነው ያለው።

«እንግዲህ» አሉ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «የዛሬ ሦስት ሳምንት ዝርዝሩ ምን ይል እንደነበር ማየት ይቻላል ነው የምትለው?»

«ይቻላል ጋሼ።»

«የተሰረዘም ከሆነ?»

«የተሰረዘም ቢሆን።»

«ተራ የተለዋወጠም ከሆነ… ማለቴ ሰው ቸግሮት ቢለዋወጥ?»

«ሁሉም ይታያል።»

አጎቴ ትንሽ አሰቡና ቴክኖሎጂ ጥሩ መሆኑን፣ ነገር ግን የአበሻ እቁብ በመተማመን የቆመ መሆኑን ተናገሩ። በማግሥቱ ዝርዝሩ ከናስ ላይ ወርዶ ወደ ባለ መስመር ደብተር ተመለሰ። ለደኅንነት ሲባል ነው ተብሏል። የመጋቢትን እጣ ስትጠብቅ የኖረች አንዲት የአክስቴ ልጅ ግን ስልኬ ላይ «ያ የቆየ ቅጂ እስካሁን አለ?» የሚል መልእክት ሰዳለች። እንዳላየሁት ሆኛለሁ፤ ሹመቴ የኮምፒውተር እንጂ የፍርድ ቤት አይደለም።

የምስጢር ቁልፉ ጉዳይ ላይ ደግሞ ያነጋገረችኝ እናቴ ናት። ፎቶው የት እንደሚቀመጥ ጠየቀች። «ኩባንያ ጋ» አልኳት። «የማን?» ነገርኳት። «የልጆቹን ክርስትና ለማናውቀው ሰው! ዓይን እኮ አለ!» ፋይሉ ከቤታችን ሳይወጣ በፊት እዚሁ እንደሚቆለፍ፣ ኩባንያው እጅ የሚደርሰው ትርጉም የሌለው ቁጥርና ፊደል ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት።

«እነሱም አያዩትም?»

«አያዩም።»

«ቁልፉ ከጠፋስ?»

«እኛም አናይም። ኩባንያውም ሊከፍተው አይችልም።»

«እንደ ጠላ ጋን አፉ ተለስኖ ነዋ» አለችና ፈቀደች። ስለ ኢንክሪፕሽን ከሰማሁት ሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

መላኩ ጊዜ ይወስዳል። የቤታችን ኢንተርኔት ሲያወርድ ፈረስ ነው፤ ወደ ላይ ሲልክ ግን በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። 4 ቴራባይት በዚህ ፍጥነት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ቢላክ 37 ቀን ይፈጃል፤ ከፍልሰታ ይረዝማል፣ ከሁዳዴ ያጥራል። በዚህ መሃል ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች። ሁለት ቃል እንደተነጋገርን ምስሌ አፌን እንደከፈትኩ ቀጥ አለ። «አትሰማም» አለች። «እየቆራረጠ ነው። ኔትወርኩ ከእናንተ ነው!» እኛ ለዓመታት ስንላት የኖርነውን ነው የመለሰችልን። ድምጿ ውስጥ የነበረውን ደስታ በሎተሪም አላገኘችው። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩን በሌሊት እንደልቡ፣ በቀን ግን በዝግታ እንዲልክ አሰርኩት። እሷ ግን አሁንም በደወለች ቁጥር «ኔትወርካችሁ ተሻለው?» ሳትል አትጀምርም።

ተልኮ ሲያልቅ ዘመዱ እፎይ አለ። እኔ ገና ነኝ። ተመልሶ ሲወጣ ያልታየ ባክአፕ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ኩባንያ አንድ ባለሙያ በስሕተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። ኩባንያው አሉኝ ከሚላቸው አምስት የባክአፕ መንገዶች አንዱም በወጉ እንዳልሠራ የታወቀው ያን ቀን ነው። ያተረፋቸው አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የያዘው ቅጂ ነበር። ስለዚህ አንድ ፋይል መልሰን እናውጣ አልኩ። የማን ይሁን? ሁሉም የራሱን አለ። ጠብ እንዳይነሣ ማንም የእኔ ነው የማይለውን የፓርኪንጉን ቪዲዮ መረጥኩ። ከኩባንያው ማከማቻ ወረደ፣ ተከፈተ፤ «አሁን ወጡ፣ አሁን ወጡ» ይላል። ከድሮው ጋር አስተያየሁት፤ ጨለማው ሳይቀር ሙሉ ነው።

የቀረው ቁልፉ ነበር። የይለፍ ቃሉ ናሱ ያለበት ቤት ብቻ ከተቀመጠ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። ለዚህ ከታላቅ እህቴ የተሻለ ሰው የለም። የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአባቴ የጡረታ ደብተር፣ የዘመዱ ወረቀት ሁሉ ያለው እሷ ጋ፣ አልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ነው። የይለፍ ቃሉን በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁላት። ደውዬም ይህ የሁላችንም ንብረት ቁልፍ መሆኑን፣ ለማንም ማሳየት እንደማይገባት ደጋግሜ ነገርኳት። «ልጅ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

ፖስታው በደረሰ ዕለት ማታ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ጮኸ። የወረቀቱ ፎቶ ነው፤ መብራት ሥር በደንብ ተደርጎ የተነሣ፣ አንድም ፊደል ያልደበዘዘ። ከሥሩ «በሰላም ደርሶኛል። እንዳይጠፋ ብዬ እዚህም አስቀምጬዋለሁ» የሚል ተጽፏል። መጀመሪያ አውራ ጣቱን የቀሰረው ያ ሙሽራ ነው፤ ከግሩፑ ማን ያስውጣው የሚለው እስካሁን አልተወሰነም።