ኮምፒውተር ሲከስ ማስረዳት ያለበት ማን ነው?

አንድ ተቋም "ሲስተሙ የገንዘብ ጉድለት አሳይቷል" ብሎ ሰው ከከሰሰ፣ ሲስተሙ በትክክል መሥራቱን ማስረዳት ያለበት ራሱ ተቋሙ ነው። ተከሳሹ አይደለም። ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ግን በብዙ ቦታ ሕጉም አሠራሩም የተገላቢጦሽ ነው።

የእንግሊዝ ፖስታ ቤትን ጉዳይ እንይ። ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ከ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ በየቅርንጫፉ ተዘረጋ። ከዚያ ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ እያለ ሪፖርት ያወጣ ጀመር። የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ከኪሳቸው ሞሉ፣ የከሰሩም የታሰሩም አሉ። በጠቅላላው ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሒሳብ በማዛባት ጥፋተኛ ተባሉ። አብዛኞቹን መርምሮ የከሰሳቸው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነው፤ ማስረጃውም ያለው በእሱ እጅ ነበር። በ2019 ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስህተት እንደነበረበት፣ የፉጂትሱ ሠራተኞችም ከርቀት ገብተው የቅርንጫፍ ሒሳብ መቀየር ይችሉ እንደነበር አረጋገጠ። ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ የወጣው ግን በ2024 ነው። ይህን ሳይሰሙ ያረፉ አሉ፤ ይህ በጣም ያናድደኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከሶፍትዌሩ በላይ ሕጉ ነው። በእንግሊዝ በ1984 በወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ፣ የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት ነበረበት። ድንጋጌው በ1999፣ ሆራይዘን በተዘረጋበት በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቱ ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ኮምፒውተሩ ልክ ነው ብሎ ይነሳል። ተቃራኒውን ማን ያሳይ? ኮዱም የስህተት መዝገቡም ያለው ከሳሹ ጋ ነው፤ ተከሳሹ ምን እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም።

ሮቦዴት የተባለው የአውስትራሊያ አሠራርም ያው ነው። መንግሥት የድጎማ ተቀባዮችን የዓመት ገቢ በየሁለት ሳምንቱ እኩል አካፍሎ፣ ራሳቸው በየጊዜው ካስመዘገቡት ገቢ ጋር ካልገጠመ "ዕዳ አለብህ" የሚል ደብዳቤ ይልክ ነበር። ግማሹን ዓመት ሠርቶ ግማሹን ሥራ የፈታ ሰው በዚህ ስሌት አጭበርባሪ ይመስላል። "አይደለሁም" ካለ ደግሞ ከዓመታት በፊት የነበረ የደመወዝ ወረቀት አምጣ ይባላል። በ2019 ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገወጥ መሆኑን አወጀ።

ተቋማት "ፋይሉ ብዙ ነው፣ በሰው እጅ አይቻልም" ይላሉ። እሺ፣ በማሽን ይለዩ፤ መጠርጠሪያና መፍረጃ ግን አንድ አይደሉም። "የመጨረሻ ውሳኔው የሰው ነው" የሚለውም አያሳምነኝም። ማሽኑ ያለውን አይቶ የሚፈርም ሠራተኛ ምኑን ወሰነው? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2023 በጀርመን የብድር ነጥብ (ሰው ብድሩን ይከፍላል ወይ የሚለውን የሚገምት ቁጥር) ጉዳይ ይህን በደንብ አይቶታል፦ ባንኩ በነጥቡ ላይ በእጅጉ ተመርኩዞ ከወሰነ፣ ነጥብ መስጠቱ ራሱ በማሽን እንደተሰጠ ውሳኔ ይቆጠራል አለ።

እንግሊዝ የተሻረውን ድንጋጌ ልትመልስ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የሌላቸው አገሮችም ያውጡ። ከሳሽ የሲስተሙን የስህተት መዝገብ፣ ማን መቼ ገብቶ ምን እንደቀየረ የሚያሳየውን ጨምሮ፣ ተከሳሹ ሳይጠይቅ ያስረክብ። የንግድ ምስጢር ነው ብሎ ከከለከለ በዚያ ማስረጃ ክስ አይመሥርት።